የሌላ ፋብሪካ ዲስክ ይዞ ወደ ሃሉንዳ

አካላ፣ ንጋት ላይ

ከቤት ስወጣ ገና አልነጋም። አካላ መነሻ ጣቢያ ስለሆነ ቱነልባናው፣ የስቶክሆልም የምድር ውስጥ ባቡር፣ ባዶ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ መፍቻዎች፣ የእጅ ባትሪ፣ የማስነሻ ሲዲና ቡለ የሚሉት ሄል የገባበት ዳቦ አለ።

የምሄደው ሃሉንዳ፣ ጋሽ ተፈራ ቤት ነው። ጡረታ የወጡ የቋንቋ ተመራማሪ ናቸው። ዩኒክስ የሚባል ስርዓት የሚሠራበት አሮጌ ማሽናቸው ላይ የአማርኛና የስዊድንኛ መዝገበ ቃላት አለ፤ እያንዳንዱን ቃል በድምፅ እየተቀዱ ያነበቡት ሟች ባለቤታቸው ናቸው። ሌላ ቅጂ የለም። የኔትወርክ መሰኪያው ከሞተ ቆይቷል፣ ዲስኩም ሲጥ ሲጥ ማለት ጀምሯል። ማሽኑ ሳይጠፋ ሁለተኛ ዲስክ ይቀበላል፤ ጨምሬ መዝገቡን ልገለብጥላቸው ነው።

ጋሽ ተፈራ ደወሉ።

«ተነሳህ?»

«መንገድ ላይ ነኝ ጋሼ። ማሽኑን እንዳያጠፉት። ዲስኩ አንዴ ከቆመ ላይነሳ ይችላል።»

«አንተ ብቻ በደህና ና።»

ብሬዴንግ

ማዕከላዊው ጣቢያ ቲ-ሴንትራለን ላይ ወደ ቀዩ መስመር ቀየርኩ። እርጥብ ካፖርት፣ ማዳመጫ የተሰካበት ጆሮ፣ መሬት የሚያይ ፊት። ብሬዴንግ የወረድኩት መስፍን ጋ ነው፤ የተጣሉ ኮምፒውተሮች ፈታትቶ የሚሸጥ ጓደኛዬ ነው። የማሽኑ ፋብሪካ ዲስክ መሸጥ ካቆመ ቆይቷልና የሌላ ፋብሪካ አስቀምጦልኛል።

«ባዕድ ነው፤ አይቀበለውም» አለ።

«ይቀበለዋል። መጠኑንና ስያሜውን በእጅ መንገር ብቻ ነው።»

ዲስኩን ከመደገፊያው ጋር አሰርኩ፣ ብሎኖቹን ደግሜ አየሁ።

«ለሴት ልጅ እንዲህ ብትጠነቀቅ እስካሁን ድረንህ ነበር።»

ሃሉንዳ

ጋሽ ተፈራ ሱፍ ለብሰው በሩን ከፈቱልኝ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ጸጥታው አላማረኝም።

«ጋሼ፣ የማሽኑ ድምፅ አይሰማም?»

«አጥፍቼ አቧራውን ጠረግሁለት። የድሮውንም ዲስክ ከላይኛው ቦታ ወደ ታችኛው አወረድኩት። አዲሱ እንግዳ አይደል? እንግዳ ከበታች ይቀመጣል እንዴ?»

አዲሱን ዲስክ ሰካሁ። ማብሪያውን ተጫንኩ። አዲሱ ዲስክ ዞረ። የድሮው ሁለት ጊዜ ቀጭ አለና ዝም አለ። ወደ ቦታው መለስኩት፣ ሶኬቱን ቀየርኩ፣ በእጄ አሞቅኩት። አልተነሳም።

ይዤ በመጣሁት ሲዲ ሳስነሳው ግን ማሽኑ አዲሱን ዲስክ ወዲያው አወቀው። መጠኑን ነገርኩት፣ ከፋፈልኩት፣ አዘጋጀሁት። አንድም ስህተት አልወጣም።

«ገባ?» አሉ።

«ገባ ጋሼ።»

«የእሷ ድምፅስ?»

የሞተ ዲስክ ከፍተው ያለበትን የሚያወጡ ባለሙያዎች እንዳሉ ነገርኳቸው። ተስፋ አለው ግን አላልኩም። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ፣ በአዲሱ ላይ እንደገና ሊቀዱ የማሽኑን ማይክሮፎን ወደ አፋቸው አስጠጉ፣ «ሀሞት» አሉ። ከመዝገበ ቃላቱ መጀመሪያ ያለ ቃል ነው። ከዚያ ቆም ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«እሷ ይሄን ስታነብ ሰምተሃት ታውቃለህ?»

«አልሰማሁም።»

ማይክሮፎኑን አጠፉት።

ወደ ቤት

ባቡሩ ብሬዴንግን ሲያልፍ ከመስፍን መልእክት ገባ። «ተቀበለው ወይስ ተሸነፍክ?»

«ተቀበለው» ብዬ ጻፍኩለት።