ቢቸና ላይ የምታኮርፍ ፒካፕ

ጋሽ ደምለው ሲፈጥራቸው ተጠራጣሪ ናቸው። ጤፍ ሲገዙ ጆንያው ውስጥ እጃቸውን እስከ ብብታቸው ይከታሉ። ሰው «እንዴት አደሩ?» ሲላቸው፣ «ይሄ ሰውዬ ምን ሰምቶ ነው?» ብለው መንገድ ላይ ቆመው ያስባሉ። ሚስታቸው ወይንእሸት ወጡን ያጣፈጠችው ዕለት «ዛሬ ደግሞ ምን ሰብረሽ ነው?» ይሏታል። በዚህች ምድር ላይ ሳይጠረጥሯት የኖሩት አንዲት ነገር ብትኖር ነጯ የናፍጣ ፒካፕ ብቻ ነበረች። እሷም ከዕድሜዋ ብዛት የተነሳ ከፊሏ ብረት፣ ከፊሏ ቀለም፣ የቀረው ትዝታ ነው።

በሳምንት ሁለት ቀን ከቢቸና ጤፍ ጭነው ሞጣ ይሄዳሉ፣ እህታቸው ሀብትነሽ ግቢ አሳድረዋት በማግስቱ ይመለሳሉ። እንዲህ ሲኖሩ ጥቅምት ገባና ነገር ተበላሸ። ቢቸና ባደረች ቁጥር ጠዋት አልነሳ አለች። ቁልፍ ሲያዞሩ ማስነሻው፣ ሞተሪኖው፣ እንደ ጉድ ይሽከረከራል፤ ሞተሩ ግን ዝም። ጎረቤት ተጠርቶ፣ ወደ ኋላ ቁልቁል ተገፍታ፣ ስንት ተለምና ስትነሳ ደግሞ የምትተፋው ነጭ ጭስ ሰፈሩን ሁሉ ይውጠዋል። ዶሮዎቹ የመሸ መስሏቸው ወደ ቆጥ ይመለሳሉ። አንድ ቀን ጭሱ ውስጥ የገባ ሰው በማግስቱ ሌላ ወረዳ፣ ደብረ ኤልያስ ወጣ ተብሎ ተወርቷል።

ጉዱ ግን ሞጣ ላይ ነው። ሞጣ አድራ በመጀመሪያው ቁልፍ እልል ብላ ትነሳለች! ሞጣ ሞቃት አገር ቢሆን አንድ ነገር ነው። ብርዱ ያው ነው፤ ውርጩም ያው ነው።

«ቢቸና የምታኮርፍ፣ ሞጣ የምትስቅ» አሉ ጋሽ ደምለው ለሚስታቸው። «ብርድ አይደለም። እዚህ ሰው አለበት።»

«መኪናዋ አርጅታለች» አለች ወይንእሸት።

«እዚህ ስታድር አርጅታ ሞጣ ስትሄድ ትታደሳለች?»

ምርመራው ተጀመረ። መጀመሪያ የታሰረው ናፍጣ ሻጩ ነው፤ በሐሳብ ማለት ነው። ውኃ ይቀላቅል እንደሆን ብለው ናፍጣውን በነጭ ጠርሙስ አድርገው መደርደሪያ ላይ ሦስት ቀን አቆሙት። ወይንእሸት ዘይት መስሏት ሽንኩርት ልታቁላላበት ስትል ከእጇ ነጠቋት። ከሥሩ አንዲት ጠብታ ውኃ አልተገኘም። ሻጩ መታሰሩን ሳያውቅ ተፈታ።

ቀጥሎ ባትሪው ተጠረጠረ። ብርድ አግኝቶት እንደሆነ ብለው ማታ ማታ ነቅለው ጋቢ አልብሰው አልጋ ላይ ያሳድሩት ጀመር። ባትሪው የግድግዳውን በኩል ያዘ፤ ወይንእሸት ጠርዝ ላይ ቀረች። ሞተሪኖው ድሮም ጠንካራ ነበር፤ አሁን ደግሞ የሚያገሳ ሆነ። መኪናዋ ግን አልተነሳችም። ባትሪውም ነፃ ወጣ፤ አልጋውን ግን ለመልቀቅ ሁለት ቀን ፈጀ።

የቀረው ሰው ነው። ሰው ሲባል ደግሞ ከእሳቸው ግቢ በታች፣ ቁልቁለቱ ላይ የሚኖሩት አቶ ስጦታው ናቸው። ሠላሳ ዓመት ጎረቤት፣ ሠላሳ ዓመት የማርያም ማኅበርተኛ። ጠዋት መኪናዋ እንቢ ስትል ከሰፈሩ ሁሉ ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። ጋሽ ደምለው ይህን ለብዙ ቀን እንደ ወዳጅነት ቆጥረውት ነበር። አንድ ጠዋት ግን ብልጭ አለባቸው፤ ሳይጠራ እንዴት ቀድሞ ይደርሳል? እንደማትነሳ ካላወቀ በቀር!

በዚያው ቀን ሲመሽ የምድጃ አመድ በመኪናዋ ዙሪያ ነሰነሱ።

«ምንድን ነው?» አለች ወይንእሸት።

«ለጉንዳን ነው።»

«ጉንዳን ናፍጣ ይጠጣል እንዴ?»

ሲነጋ አመዱ ላይ የጫማ ዱካ ተገኘ። የግራው ተረከዝ ላይ ሁለት የምስማር ራስ አለ፤ የአቶ ስጦታው የጎማ ጫማ ነው፣ ገበያ መካከል እንኳ ቢያዩት አይስቱትም። ዱካው ቀጥ ብሎ እስከ ኋላው ጎማ ሄዶ ተመልሷል። የናፍጣው ማጠራቀሚያ፣ ሰልባትዮው፣ ደግሞ በኋላ በኩል ነው! ጋሽ ደምለው ጎንበስ አሉ። ዱካውን የጋረደባቸውን ድንጋይ ከጎማው ሥር በእግራቸው ገፋ አድርገው በደንብ አዩት። ከዚያ ቀና ብለው እጃቸውን አጨበጨቡ።

«ወይንእሸት! ያዝኩት።»

ነገሩ የከፋው በዚህ ነው። በዚያ ወር በሃያ አንደኛው ቀን የሚውለው የማርያም ማኅበር ተረኛ ጋሽ ደምለው ናቸው። ተረኛው ደግሶ ሲጨርስ ጽዋውን ለሚቀጥለው ወር ተረኛ በእጁ ያስረክባል። የሚቀጥለው ተረኛ አቶ ስጦታው ናቸው። ቂም ይዞ ጽዋ ማስረከብ ደግሞ በማኅበሩ ደንብ ክልክል ነው፤ ቂም ያለበት ሰው በአባላቱ ፊት ቆሞ ይናገራል።

«እናገራለሁ» አሉ ጋሽ ደምለው። «ጽዋዬን አላስረክበውም።»

«ሠላሳ ዓመት በአንድ ዱካ ልታፈርስ?» አለች ወይንእሸት። «ያን ቃል ካወጣህ በኋላ በዚህ ቁልቁለት በየት በኩል ነው የምናልፈው?»

እሳቸው ግን ለማኅበሩ መሪ፣ ለሙሴው ለመሪጌታ ሀብተ ሥላሴ «የምናገረው ቃል አለኝ» ብለው አስያዙ።

ለማኅበሩ ሁለት ቀን ሲቀረው ሞጣ ጤፍ አራግፈው አደሩና፣ በማግስቱ ማስረጃ ለማጠናከር እዚያው ይርጋነሽ ጋራዥ ገቡ። ይርጋነሽ ሴት መካኒክ ናት፤ ሞተር ሲያስል ሰምታ የየትኛው ወረዳ ብርድ እንደመታው ትናገራለች ይባልላታል።

«ናፍጣዬን የሚነካካ ሰው አለ» አሏት። «እንዴት አድርጎ እንደሚነካካ ንገሪኝ።»

ይርጋነሽ ኮፈኑን ከፈተች። የማሞቂያ ካንዴላዎቹን በአምፖል አንድ በአንድ ፈተነች፤ ሁሉም ይሠራሉ። የናፍጣ ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን፣ ፈታ አየች፤ ንጹሕ ነው። ከዚያ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ቢቸና ስታድር አፍንጫዋ ወዴት ነው?»

ጋሽ ደምለው ዓይናቸውን አጠበቡ። «ማን ነው እንድትጠይቂኝ የላከሽ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ሞተሩ ነው የላከኝ! ሜዳ ላይ ነው የምትቆመው ወይስ ዳገት ላይ?»

«ደጄ ላይ ነዋ። ደብሩ ዳገቱ አናት ላይ ነው። ቄሱ ጠበል ከረጯት ቀን ጀምሮ ፊቷን ወደ ደብሩ ሳላዞር አሳድሬያት አላውቅም።»

«ስለዚህ አፍንጫዋ ሽቅብ፣ ሰልባትዮዋ ቁልቁል። እህትዎ ግቢስ?»

«ሜዳ ነው።»

ይርጋነሽ ከሰልባትዮው ወደ ሞተሩ የሚመጣውን የጎማ ቱቦ በጣቷ ተከትላ ሄዳ አንድ ቦታ ላይ አጠፈችው። እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ብቅ አለ።

«ናፍጣ ከበርሜል በቱቦ፣ በአፍዎ ስበው ያውቃሉ?»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም! ቱቦው ቀዳዳ ካለው አየር ይገባና የሳቡት ሁሉ ተመልሶ በርሜሉ ውስጥ ይወርዳል አይደል? እርስዎ ሌሊቱን ሲተኙ ናፍጣው በዚህች ስንጥቅ አየር እያስገባ ቁልቁል ወደ ሰልባትዮው ይመለሳል። ጠዋት ሞተሩ ባዶ ነው። ሜዳ ላይ ግን የት ይሄዳል?»

«የጫማውስ ዱካ?»

«እሱን መካኒክ አይጠይቁ። ልኩ ቱቦ ከባሕር ዳር በሚኒባስ እስኪመጣልኝ፣ ዛሬ አፍንጫዋን ቁልቁል አዙረው ያሳድሯትና ይዩት።»

«ጀርባዋን ለደብሩ ሰጥታ!»

«ለአንድ ሌሊት። ንስሐ ትገባለች።»

ጋሽ ደምለው እስከ ቢቸና ድረስ ይርጋነሽንም ሲጠረጥሯት መጡ። ቢሆንም ማኅበሩ ነገ ነው። ሲመሽ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ደብሩ እጅ ነሱና መኪናዋን አዞሯት። አፍንጫዋ ቁልቁል፣ ትክክል ወደ አቶ ስጦታው በር። «ይሄም አይከፋም» አሉ፤ «ስትጠብቀው ትደር።» ለጥንቃቄ አመዱንም ነሰነሱ።

ንጋት ላይ ሲወጡ ዱካው አለ። ባለ ሁለት ምስማሩ። አሁን ግን የሄደው ወደ ፊተኛው ጎማ ነው። ከጎማው ፊት ደግሞ የሰው ጭንቅላት የሚያህል ድንጋይ ተጎልቷል።

ጋሽ ደምለው ግራ እየተጋቡ ገብተው ቁልፉን ነካ አደረጉት። መኪናዋ ያለ ጭስ፣ ያለ ልመና፣ ልክ ሞጣ እንዳደረች ሁሉ ተነሳች።

የታችኛው በር በርግዶ ተከፈተ። አቶ ስጦታው ነጠላቸውን እየጎተቱ እጃቸውን ዘርግተው ወጡ።

«አቁም! አቁም! ምን አድርጌህ ነው ደምለው፣ ይቺን ፍሬን የለሽ ፊቷን ወደ እኔ ያዞርክብኝ?»

«ድንጋዩን ያስቀመጥከው አንተ ነህ?»

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው? የእጅ ፍሬኑ ከተበጠሰ ሁለት ዓመት ሆነው አላልከኝም? ማርሹ አንድ ሌሊት ቢስት የምታድረው እኔ አልጋ ላይ ነው! እራቴን በልቼ ድንጋይ ሳላስደግፋት ተኝቼ አላውቅም። ጠዋትም ሮጬ የምመጣው ድንጋዬን አንስቼ፣ ወደ ኋላ ስትገፏት ደጄን ቆሜ ለመጠበቅ ነው። ባለፈው ጊዜ ደግሞ አንዱ ሌባ ድንጋዬን ከጎማው ሥር አሽቀንጥሮት አገኘሁ።»

ሌባው መሪውን እንደያዙ ሞተሩን አጠፉ።

ከሰዓት በኋላ ማኅበርተኛው በልቶ ጠጥቶ ጸሎት ከደረሰ በኋላ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ደምለው ቃል አለኝ ብሎ ነበር።» ወይንእሸት ከጓዳ በር ላይ ቆማ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ጋሽ ደምለው ጽዋውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። ቂም ኖሮባቸው እንዳልነበር ማስመሰል ይችሉ ነበር፤ ከወይንእሸት በቀር ማንም አልሰማም። ነገር ግን ደንቡ ደንብ ነው።

«ቂም ነበረብኝ» አሉ። «ሰሞኑን ስጦታውን መኪናዬን ያበላሻል ብዬ ጠርጥሬ አመድ ነስንሼበታለሁ። የተበላሸው ቱቦ ነው። ድንጋዩንም የገፋሁት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።»

ቤቱ በአንድ ጊዜ ሳቀ። አቶ ስጦታው አልሳቁም። ብድግ ብለው፣ ጽዋውን ተቀብለው፣ ተሳልመው፣ «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ፤ እኔም ይቅር ብዬሃለሁ» አሉ። ቀጥለውም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ፍሬኑን ግን መቼ ነው የምታሠራው?»

«ቱቦው ሲመጣ አብሮ ይሠራል። ጽዋውን በመኪና ላድርስልህ?»

«በእግሬ!» አሉ አቶ ስጦታው።

ያን ዕለት ማምሻ ጋሽ ደምለው አመድ አልነሰነሱም። ድንጋዩንም በገዛ እጃቸው ከፊተኛው ጎማ ፊት አስቀምጠው፣ አጥብቀው፣ ገቡ። ጥቂት ቆይቶ የታችኛው በር ሲጢጥ ሲል ሰሙና በመስኮት አጮለቁ። አቶ ስጦታው ድንጋዩን ዞረው አዩት፤ በእግራቸው ነካ ነካ አደረጉት፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሄደው ሌላ ትልቅ ድንጋይ አቅፈው መጡና ጨመሩበት።