በሊማሊሞ ዳገት ያልጠፋው የሞተር መብራት

ትእዛዙ የደረሰን ረፋድ ላይ ነው፤ ከድብ ባሕር በላይ ካለው ኮረብታ ቁስለኞች አንሥተን ጎንደር እንድናደርስ። እኔ የሻለቃው ቁስለኛ ማመላለሻ ፒካፕ ሾፌር ነበርኩ። አብራኝ የምትሠራው ነርስ አስር አለቃ ዘውድነሽ ነበረች። ሦስት ሰው ጫንን፦ ትከሻውን የተመታውን አዛዣችንን መቶ አለቃ ደምሴን፣ ሆዱን የተመታውን ምስጋናውን፣ እግራቸው የቆሰለውን የአገሩን ሚሊሻ አያ ታከለን።

ስንነሣ የከባድ መሣሪያ ጥይት አጠገባችን ወደቀ። ፍንጣሪው መኪናዋን ደበደባት። አልቆምንም።

ሊማሊሞን መውጣት እንደጀመርን ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫው የሞተር መብራት በራ። መኪናዋ ጉልበት አጣች። ነዳጅ ብረግጥም ታቃስታለች፤ ጥቁር ጭስ ትተፋለች።

«ተወው፣ ንዳ!» አለኝ ከጎኔ የተቀመጠው መቶ አለቃ።

«በዚህ ሁኔታ ዳገቱን አትጨርስም፣ መቶ አለቃ።»

ወደ ዳገቱ ቀና ብሎ አየ። ከዚያ «እንግዲያው ፍጠን» አለ።

ኩርባ ላይ፣ ገደሉን ታክኬ አቆምኩ። ከታች የመድፍ ድምፅ ይሰማናል። ኮፈኑን ከፈትኩ። ዘይቱን ለካሁ፤ ሙሉ ነው። የራዲያተሩ ውሃ አልጎደለም። መብራቱ ይጠፋ እንደሆነ ብዬ የባትሪውን ገመድ ነቅዬ መልሼ አሰርኩት። ሞተሩን ሳስነሣ መብራቱ እንደገና በራ።

«ምነው ቆምን፣ ልጄ?» አሉ አያ ታከለ ከኋላ። የምስጋናውን ግሉኮስ በእጃቸው ከፍ አድርገው ይዘዋል።

«አሁን እንሄዳለን፣ አያ።»

ዘውድነሽ ከኋላ ወርዳ፣ የሾፌሩ ወንበር ላይ ሆና ነዳጁን ስትረግጥልኝ ጆሮዬን ወደ ሞተሩ አስጠጋሁ። ፉጨት ሰማሁ። ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገባው ወፍራም የጎማ ቱቦ በፍንጣሪ ተቀዷል።

«ፕላስተር ስጪኝ።»

«የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው» አለችና ወደ ምስጋናው አየች። ከዚያ ጥቅልሉን እጄ ላይ አደረገችው።

ቱቦውን ጠቀለልኩና በሽቦ አጠበቅሁት። የመኪናዋ ጉልበት ተመለሰ። መብራቱ ግን አልጠፋም። ሌላ ብልሽት ይኑርባት አይኑርባት የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። አንድ ዓይኔን መንገዱ ላይ፣ አንዱን መብራቱ ላይ አድርጌ ወጣን።

ደባርቅ ልንገባ ስንል ዘውድነሽ የኋላውን መስኮት አንኳኳች።

«ምስጋናው አርፏል።»

በመስታወቱ አየኋቸው። አያ ታከለ ግሉኮሱን አላወረዱም ነበር።

ጀምበር ሳትጠልቅ ጎንደር ገባን። መቶ አለቃውና አያ ታከለ ዳኑ። በማግስቱ ጋራዥ በመመርመሪያ ማሽን አዩልኝ፤ መኪናዋ ከተቀደደው ቱቦ ሌላ ምንም አልነበረባትም፤ መብራቱ ያልጠፋው ያንኑ ብልሽት መዝግባ ስለያዘች ነው።

ዘውድነሽን ስለ ፕላስተሩ አንድ ጊዜ ጠይቄያት ነበር። «ደሙ የሚፈሰው ወደ ውስጥ ነበር፤ ፕላስተር አያቆመውም» አለችኝ። አምናታለሁ።

በዚያ ቀን ኮረብታው ላይ ዘጠኝ ጓዶች አጣን፤ ምስጋናው አሥረኛችን ነበር። ቤተሰቡ እዚያው ጎንደር፣ ቁስቋም ነው የሚኖሩት። ልቅሶ ስደርስ እናቱ ከሰው ለይተው አስቀመጡኝ።

«ብቻውን ነበር?» አሉኝ።

«አልነበረም፣ እማማ።»

ሌላ አልጠየቁኝም። እናንተ ስለዚያ ጦርነት ብዙ ትጠይቁኛላችሁ፤ እኔ በሙሉ ልቤ የምመልሰው ይህን አንዱን ነው።