በበሶ ውስጥ የሄደው ደብዳቤ

አደጋው የታየኝ ጎረቤቴ እስክሪብቶውን ሲያስቀምጥ ነው። እንጅባራ ፍርድ ቤት ደጅ ጃንጥላ ዘርግቶ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነው፤ ቀልድ አያልቅበትም። ድንቼን ሸጬ፣ ባዶ ጆንያዬን አጥፌ ስመለስ ሰላም ልለው ቆምኩ። በዚያውም ልኩራራበት አማረኝ።

«አንተን ሳልለምን ደብዳቤ ጻፍኩ» አልኩት። «በገዛ እጄ፣ ሁለት ገጽ።»

«እንግዲህ እንጀራዬን ሊቀሙኝ ነዋ፣ እትዬ! ለማን ጻፉ?»

«ልጄን ጎዳኝ ብሎ ለከሰሰው ሰውዬ። አጥፍተንብሃልና ይቅር በለን ብዬ።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። እስክሪብቶውን ያስቀመጠው ያኔ ነው።

ልጄ ወታደር ነው። ሰላም አስከባሪ ሆኖ ሰው አገር ከሄደ ዓመት ሊሞላው ነበር። ከወር በፊት ደውሎ፣ ከጦር ሰፈራቸው መጋዘን ዕቃ ሲሰርቅ የተያዘ አንድ ሰው ነበር አለኝ። ሰውዬው ታስሮ ሳለ ወታደሮቹ ጎዱኝ ብሎ ከሰሰ፤ ስማቸው ከተጠራው አንዱ ልጄ ሆነ። ከሥራ አግደውት መርማሪ እየጠበቀ ነው። «እምዬ፣ አልመታሁትም» አለኝና ስልኩ ጠፋ። ኔትወርኩ ይቋረጥ፣ እሱ ይዝጋው፣ አላወቅሁም። ከዚያ ወዲህ ሲደውል ስለ ድንቹና ስለ ዝናቡ እንጂ ስለዚያ አንነጋገርም።

እኛ ዘንድ አንድ ቤት ሲከሰስ ማን እንዳጠፋ አይጠየቅም፤ አስቀድሞ ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌው ቆሞ «አጥፍተናል» ይላል፤ ባናጠፋም እንላለን። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና፣ የጎረቤት ገብስ የበላው በሬ የእኛ እንዳልሆነ እያወቀ ሄዶ «አጥፍተናል» ብሏል። ሰሚው አክብሮት መሆኑን ያውቃል፤ ወረቀት ላይ የሚያሰፍረው የለም። እኔ ታዲያ በአውሮፕላን የሚኬድበት አገር ሽማግሌ ከየት ልላክ? ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ደርሼ ቀረሁ። ያለችኝን ይዤ ሦስት ቀን ጻፍኩ።

«ምን ብለው ነው የጻፉት?» አለ ጎረቤቴ።

«ልጄ መትቶሃል፣ ከልጅነቱም እጁ ፈጣን ነው፣ ስለ እናቱ ብለህ ማረው ብዬ።»

«እጁ ፈጣን ነው እንዴ?»

«ኧረ እሱ! ዶሮ ማረድ የሚፈራ! ለወጉ ብዬ ነው እንጂ።»

«እትዬ፣ ወጉን መርማሪው ከየት ያውቀዋል? ይህ ወረቀት እጁ ከገባ ሌላ ምስክር ምን ያደርግለታል? እናቱ ፈርማበታለች ነው የሚለው። የት ነው ያለው አሁን?»

«በሶ ውስጥ» አልኩት። የልጄ ባልደረባ፣ የዳንግላ ልጅ፣ ለእረፍት መጥቶ ነበር። ከትናንት ወዲያ በእንጅባራ ሲያልፍ ለልጄ ብዬ በሶ ሰጥቼዋለሁ። ልጄ አስተርጉሞ ለሰውዬው እንዲያደርስልኝ፣ ደብዳቤው በፌስታል ተጠቅልሎ በሶው መሐል ነው። እንዳይጠፋ ብዬ የከረጢቱን አፍ በድርብ ክር ሰፍቼዋለሁ። ባልደረባው ዛሬ በስድስት ሰዓት ከቤቱ ተነስቶ ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያ ወደ አውሮፕላኑ ሊሄድ ነው። ጎረቤቴ በራሱ ስልክ ደወለለት። አይነሳም። «የታገደ ሰው ዕቃ ሳይፈተሽ አያልፍም፤ ይሂዱ!» አለኝ።

ባዶ ጆንያዬን እንዳቀፍኩ የዳንግላ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

መንገዱን ሁሉ ያንን ደብዳቤ በሆዴ አነበብኩት። ለወጉ ያልጻፍኳት አንዲት ነገር ነበረችበት። ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቱ ሳለ የአባቱን ፈረስ እግር በገመድ አጥብቆ አስሮ ጨዋታ ሄደ። ሲመለስ የፈረሱ እግር አብጧል። አልተቆጣሁትም፤ እሱው ራሱን ተቆጣ። ስንት ቀን ሙሉ በሞቀ ውሃና በጨው ሲያጥበው፣ ሣሩን በእጁ ሲያጎርሰው ከረመ። ያኔ ነው በገመዱና በእግሩ መሐል ሁለት ጣት እየከተትኩ ያስተማርኩት። «ይቺን ያህል ትተህ እሰር» ብዬው። ይህንንም ጽፌዋለሁ፤ ሰውዬው የልጄን ሆድ እንዲያውቅለት ብዬ። ሚኒባሱ ውስጥ ግን አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ቢሆንስ? መትቶት ቢሆንስ? እናቱ ስለሆንኩ ብቻ ነው እንዴ የማምነው?

ዳንግላ ወርጄ ጋሪ ያዝኩ።

«ወዴት ነው፣ እናት?» አለኝ ባለጋሪው።

«ወታደሩ ቤት።»

«ወታደርማ ስንቱ!»

«ዛሬ የሚሄደው።»

«እሱን ነው? ሰፈሩ በሙሉ እየሸኘው ነው። ይውጡ።»

«ቶሎ በልልኝ፣ የኔ ጌታ።»

ጅራፉን ሲያነሳ «አትምታው!» ብዬ ጮህኩ። ዞሮ አየኝ። «ቶሎ በል ይላሉ፣ አትምታው ይላሉ። ልለምነው እንዴ?» አለኝ። እውነትም «በል አንበሳዬ፣ እናትን አድርስ» እያለ ለመነው። ፈረሱም ሮጠ።

ባልደረባው በር ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ያስራል። ሻንጣው ከጎኑ ነው።

«እማማ! ምነው፣ ሰው ሞተ?»

«በሶው!»

«በሶው ምን ሆነ?»

«ውስጡ ደብዳቤ አለ።»

እናቱ ከውስጥ ወጣች። በአዊኛ ስነግራት ደረቷን መታች፤ ወዲያው ሰፌድ አምጥታ ዘረጋች። ክሩን በጥርሴ በጠስኩት። እስከ ክርኔ ገብቼ ስፈልግ ባልደረባው ይስቃል። «እኔ በሶ የያዝኩ መስሎኝ! ፍተሻ ላይ ምን ልል ነበር?» «ዝም በል አንተ» አለችው እናቱ፣ «የልጁን በሶ እንዳታፈሰው።» ፌስታሉ እጄን ሲነካው እንባዬ መጣ።

ወረቀቱን መቀነቴ ውስጥ ከትቼ ጠየቅሁት። «አንተ እዚያ ነበርክ። ልጄ መታው?»

ሳቁን ተወ። «አልመታውም፣ እማማ። ሰውዬውም ተመታሁ አላለም፤ መታው የሚለው ወሬው ነው። ያሰረው ግን እሱ ነው፣ ታዞ። ገመዱ ጠብቆ ነበር። ሰውዬው ‹ገመዱን አላሉልኝ› እያለ ከሰዓቱን ሙሉ ሲለምን ጠባቂው እሱ ነበር። ‹አትንካው› ስለተባለ አልነካውም። ኋላ ሲፈታ እጁ አብጧል። አንድ ጣቱ እስካሁን አይታጠፍም።»

ቁጭ አልኩ። ስለ መምታቱ የጻፍኩት ሁሉ ሐሰት ነበር። እውነት የሆነችው የፈረሱ ነገር ናት።

ባልደረባው ስልኩን ከፍቶ በኢንተርኔት ደወለለትና «እናትህ እኛ ቤት ናት» ብሎ ሰጠኝ።

«እምዬ? ዳንግላ ምን ትሠሪያለሽ?»

«በሶህን ልበረብር መጥቼ።»

«በሶዬን ምን አድርጊው አሉሽ?»

«ስማኝ ልጄ። ሁለት ጣት።»

ስልኩን የዘጋው መሰለኝ፤ ግን ትንፋሹ ይሰማል። «ነግሮሻል» አለ።

«ነግሮኛል።»

«አልመታሁትም ብዬሽ ነበር እኮ።»

«አዎ፣ አልመታህም። የገመዱን ግን ደብቀኸኝ ነበር።»

«አፍሬ ነው፣ እምዬ። አንቺ ያስተማርሽኝ ሁለት ጣት እጄ ላይ እያለ።»

ስለ ደብዳቤው ነገርኩት። ያላደረገውን ፈርሜበት ነበርና ይቅር በለኝ አልኩት። ያደረገውን ደግሞ ራሱ ይናገር፤ ለመርማሪውም፣ ለሰውዬውም፣ በገዛ አፉ። «ነገ ቃሌን እሰጣለሁ። ገመዱን አልደብቅም» አለኝ። ቅጣት ሊመጣ እንደሚችል ሁለታችንም አውቀናል። ቀጥሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እህል ቀምሰሻል?»

አልቀመስኩም ነበር። የባልደረባው እናት ሰምታ ኖሮ እየሳቀች እንጀራ አቀረበችልኝ። በሶውን መልሼ ሞላሁ፣ መልሼ ሰፋሁ። በዚህኛው ዙር ውስጡ በሶ ብቻ ነው።

እንጅባራ ስደርስ ጎረቤቴ ጃንጥላውን እያጠፈ ነበር። ከሩቅ አይቶኝ «እትዬ! ደረሱበት?» ብሎ ጮኸ። ወረቀቱን ከመቀነቴ አውጥቼ አሳየሁት።

«ይኸው፣ እጄ ላይ ነው» አልኩት። «ልጄ በሠራው ይጠየቃል፤ እኔ በጻፍኩት ግን አይጠየቅም። ተርፌያለሁ፤ አሁን ደኅና ነኝ።»