ጠጅ የሚበቅልበት አገር

ባለፈው የገበያ ቀን መካነ ሰላም ገበያ ውስጥ አንዲት ሴትዮ አፕል ዘርግታ አየሁ። ከድንቹና ከሽንኩርቱ ጎን፣ በማዳበሪያ ከረጢት ላይ፣ አምስት አምስት አድርጋ ደርድራዋለች። ትንንሽ ናቸው፤ አንዳንዱም በረዶ የመታው ጠባሳ አለበት። «ያቀስታ ነው፣ ቅመሽው!» አለችና አንዱን በሻርፗ ጫፍ ጠርጋ ሰጠችኝ። ነከስኩት። መጀመሪያ ይኮመጥጣል፣ ቆይቶ ይጣፍጣል፤ የደጋ ሰው ጠባይ አለው። እዚያው ቆሜ እያኘክሁ ብቻዬን ሳቅሁ። ሴትዮዋ «ምነው፣ ጥርስሽን አጠረሰሽ?» አለችኝ። ጥርሴስ ደህና ነበር። ታላቅ እህቴ ዘይነባ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ማዶ የሄደችበት ዓመት ትዝ ብሎኝ ነው።

ትዝታ የሚጽፉት ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎች መሆናቸውን አውቃለሁ። እኔ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የማወራውም ከሦስት ዓመት በፊት የሆነውን ነው። ግን ያን ጊዜ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ፣ አሁን ሳስባት ያቺ ልጅ በጣም ሕፃን ሆና ትታየኛለች። ስለዚህ እንደ ትልቅ ሰው ላውራ። ደግሞም መጻፍ ደስ ይለኛል፤ ደስ ማለት የጀመረኝም ከዚያ ዓመት ወዲህ ነው።

አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ ያደግነው በእናታችን አባት ቤት ነው። አያታችንን ሰፈሩ ሁሉ «ሸኽዬ» ይላቸዋል፣ እኛ ደግሞ «አባባ»። ቁርአን ያስቀራሉ፣ ማንበብ ያስተምራሉ። ጠዋትና ከሰዓት፣ ከአሥር ሰላት በኋላ፣ ደረሶቻቸው፣ ማለቴ ተማሪዎቻቸው፣ የእንጨት ሰሌዳቸውን ታቅፈው ግቢያችን ውስጥ ሲያነበንቡ ቤታችን እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። እኔ የቤት ሥራዬን የምሠራው በዚያ ጉርምርምታ ውስጥ ነው። ዛሬም ጸጥ ባለ ቦታ መጻፍ አይሆንልኝም።

ዘይነባ ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ አቀስታ ችግኝ ጣቢያ ሥራ ያዘች። እጇ ሌላ ነው። የአፕል ቀንበጥ ከሌላ ግንድ ጋር አጋጥማ፣ በላስቲክ ጠፍራ ስታስር ቁስል የምትጠቀልል ሐኪም ትመስላለች፤ እሷ ያሰረችው ደግሞ ሳይይዝ አይቀርም። አንድ ጊዜ ለሥልጠና የመጡ የውጭ አገር ሰው ይህን አይተው ኖሮ፣ አገራቸው ሲገቡ የፍራፍሬ እርሻ ላላቸው ወዳጆቻቸው ነገሩላት። ከወራት በኋላ ከጣልያን አገር ወረቀት መጣ። ጊዜያዊ የሥራ ፈቃድ ነው፤ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ኅዳር፣ ለአንድ የለቀማ ወቅት ብቻ። ለቪዛው አዲስ አበባ ኤምባሲ የምትቀርብበት ቀንም ተቆርጦላታል፣ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

«ጊዜያዊ» የሚለው ቃል ለጎረቤቶቻችን አልዋጥ አለ። በኛ ዘንድ «ሄደች» ከተባለ ሄደች ነው። ዐረብ አገር የገቡት የሰፈራችን ሴቶች የተዉዋቸው ልጆች አድገው የእናታቸውን ድምፅ በስልክ ብቻ ነው የሚያውቁት። «የሷ ቪዛ እኮ ራሱ ተመለሽ ይላል» ስላቸው «ተመለሽ የሚል ቪዛ! ይኸን ደግሞ ከየት አመጣሽው?» ብለው ይስቁብኛል።

ወረቀቱ በጣልያንኛና በእንግሊዝኛ ነበር። ከቤታችን እንግሊዝኛ የምሞክረው እኔ ብቻ ስለሆንኩ መዝገበ ቃላት ይዤ ሁለት ቀን ተቀመጥኩበትና በደብተር ወረቀት፣ በጥሩ እጅ ጽሕፈት ወደ አማርኛ መለስኩት። ለማንበብ የተሰበሰብነው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ነው። የበልጉ ዝናብ ውጭውን አጨቅይቶት ስለነበር ሁላችንም ውስጥ ነን። እማ የተቀቀለ ድንች ትልጣለች፣ አባባ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ፣ ዘይነባ ካቀስታ መጥታ የእግሯን ጭቃ እንኳ አላራገፈችም። እንደ ዜና አንባቢ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«የሥራው ዓይነት» ብዬ አነበብኩ፤ «ፍራፍሬና የወይን ጠጅ ማብቀል።»

እማ ከድንቹ ቀና አለች። «ምን ማብቀል?»

«የወይን ጠጅ።»

«ጠጅ ይበቅላል እንዴ?»

«እዚያ አገር ይበቅላል መሰለኝ፤ መሬቱ ይለያያል» አልኳት። መዝገበ ቃላቱን ያየሁት እኔ፣ እሷ ድንች ላጭ!

ዘይነባ ሳቋን መቻል አቃታት። «በምን ይለቀማል ታዲያ፣ በጣሳ?»

ሳቅን። ሳቃችንን ያቆመው የአባባ መቁጠሪያ ነው፤ ድምፁ ጠፋ።

«ሥራው የጠጅ ነው?» አሉ።

«አባባ፣ እሷ እኮ አትጠጣም።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ጠጪው ብቻ አይደለም እኮ ልጄ። የሚጠምቀውም፣ የሚሸከመውም፣ የሚቀዳውም አሉበት።» ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ወደ ዘይነባ ዞሩ። «አትሂጂ አልልሽም፤ አንቺ ለራስሽ ትልቅ ሰው ነሽ። ዱዓ አድርጉልኝ ብትዪኝ ግን በምን አፌ?» ብለው ተነሥተው ወጡ።

ወሎ ላላደገ ሰው ይህ ቀላል ሊመስለው ይችላል። ዘይነባ ግን ደሴ ለመሄድ እንኳ የአባባን ዱዓ ሳትቀበል አውቶቡስ ላይ ወጥታ አታውቅም። ዋናው ቪዛ የነበረው ኤምባሲው ዘንድ አይደለም፣ እኛው ቤት ነበር። እሱን ደግሞ ያስከለከልኳት እኔ ነኝ።

ሰኞ ወረቀቱን ይዤ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ዘንድ ሄድኩ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «የሚበቅለው ወይኑ ነው፣ ጠጁ አይደለም። ለወይን ጠጅ የሚሆን የወይን ተክል ማልማት ማለት ነው» አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ግማሽ መንገድ እስክደርስ ድረስ። ከዚያ በኋላ ነው «የሚሆን» የምትለዋ ቃል የከበደችኝ። ስሕተቴ ያስቃል፣ ግን ሥር የያዘው ነገር አሁንም አለ። ያ ወይን ተጨምቆ ጠጅ ይሆናል።

ለእማ ነገርኳት። እማ ነገር አታወሳስብም። «ታዲያ 'ወይን' በይና ተይዋ። ጠጅን ምን አስጠራሽ?»

ቋንቋችንም ከእማ ጋር አበረ። አማርኛ ወይን ሲል ተክሉም ወይን ነው፣ ፍሬውም ወይን ነው፣ በብርጭቆ የሚቀዳውም ወይን ነው። አንዲት ቃል ሦስት በር አላት፤ በፈለግሽው ትገቢያለሽ። አዲስ ወረቀት አውጥቼ «የፍራፍሬና የወይን ልማት» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አልጻፍኩም እኮ፣ እያልኩ ለራሴ አሥር ጊዜ ነገርኩት።

ከአሥር ሰላት በኋላ አባባ ከግድግዳው ሥር ተቀምጠው ሲያስቀሩ ቀረብ አልኩ።

«አባባ፣ ተሳስቼ ነው። ጠጅ አይበቅልም። ወይን ነው።»

«ወይን?»

«ወይን።»

ፊታቸው በራ። «አልሐምዱሊላህ! ወይንማ ምን አለበት? የጀነት ፍሬ አይደል እንዴ!» አሉ። ከዚያ እጄን ያዙ። «ልጄን ያለ ጥፋቷ አስከፋኋት። አንቺንም ደክመሽ ጽፈሽ አሸማቀቅሁሽ። ችኩል ሽማግሌ ሆኛለሁ፤ አፉ በይኝ።»

አገሩ ሁሉ ይቅር በሉን እያለ የሚመጣባቸው ሰውዬ እኔን፣ የልጅ ልጃቸውን፣ አፉ በይኝ አሉኝ። ቢቆጡኝ ኖሮ ውሸቴን ይዤ እወጣ ነበር። ይኸኛውን ግን አልቻልኩም።

«አባባ… ወይኑ የሚለቀመው ጠጅ ሊደረግ ነው። ወረቀቱ እንደሱ ነው የሚለው። ቃሏን አውቄ ነው ያወጣኋት።»

ደረሶቹ ጸጥ አሉ። አባባ ዞር ብለው «እናንተ ምን አቆማችሁ? ቅሩ!» ሲሏቸው ጉርምርምታው እንደገና ተነሣ። በሱ ተከልለው ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«ማን ነው ተይዋ ያለሽ?»

መልሱን ትቼ ወረቀቱን አጣጠፍኩ።

«ደግ። በእናትሽ ላይ አታሳብቂ» አሉ። ጢማቸው ውስጥ ፈገግ ሲሉ አይቻለሁ። «ሰዎቹ ሌላ ፍሬ የላቸውም?»

«አፕል አላቸው።»

«ጠይቂያቸዋ እንግዲያ። አፍ ያለው ይጠይቃል፣ ብዕር ያለው ይጽፋል።»

ዘይነባ ይህን ስትሰማ ተልባ እንደሚቆላ ምጣድ ተንጣጣች። «አንቺ ጤና አለሽ? ገና ሳልሄድ ይኸን አልሠራም፣ ያንን ስጡኝ ልበላቸው? 'በይ እዚያው ቅሪ' ቢሉኝስ? ሰው ጠፍቶ ነው? በአንዲት ቃል አልፈነው ነበር እኮ!» እውነቷን ነው። ያን ማታ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች።

ጠዋት ወደ አቀስታ ልትሳፈር ሻርፗን እያሰረች በሩ ላይ ቆመች። «ጻፊ» አለችኝ። «ግን ልመና እንዳታስመስዪው። ዛፍ እንደማውቅ ንገሪያቸው።»

ደብዳቤውን አራት ጊዜ ቀደድኩት። አምስተኛው ላይ መዝገበ ቃላቱን ዘግቼ የማውቀውን ቃል ብቻ ጻፍኩ። በእንግሊዝኛ ነው፤ በእኛ ቋንቋ እንዲህ ይላል፦ «እኔ የዘይነባ ታናሽ እህት ነኝ። እሷ ዛፍ ታውቃለች፣ እኔ ፊደል፤ ስለዚህ የምጽፈው እኔ ነኝ። ሃይማኖታችን መጠጥ እንድንጠጣም እንድንሠራም አይፈቅድልንም። እህቴ ለወይን ጠጅ የሚሆን ወይን ብትለቅም አያታችን አይመርቋትም፤ ሳትመረቅ ደግሞ መንገድ አትወጣም። ሥራ ፈርታ አይደለም። አፕል ስጧት። ከሁሉም ረጅሙን ዛፍ ስጧት።»

በእማ ስልክ ፎቶ አንሥቼ ወረቀቱ ላይ ወዳለው አድራሻ ላክሁት። ከዚያማ ከትምህርት ቤት በመጣሁ ቁጥር ኔትወርክ ወደሚይዝበት ከቤታችን ጀርባ ወዳለው ጉብታ መውጣት ሆነ ሥራዬ። ዝናብ ሲሆን ስልኩን በፌስታል ጠቅልዬ እወጣለሁ። እማ ሥር ሆና «መጣ?» ትላለች፤ «አልመጣም» እላለሁ፤ «አብሽሪ፣ አይዞሽ» ትላለች፣ እሷ ራሷ ሳታብሽር። የዘይነባ የኤምባሲ ቀን አንድ ሳምንት ብቻ ሲቀረው መጣ።

እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። የጻፈችው የእርሻው ባለቤት ናት። የወይኑና የአፕሉ ማሳ ለየብቻ ነው፤ ሠራተኞቹ ሁሉ ወይን ወይን ይላሉ፣ አፕል መሰላል መውጣት ስላለው። እስከ ዛሬ አፕል ስጡኝ ያላቸው ሰው የለም። እህትሽ ትምጣ ትላለች። ፈቃዱ ሁለቱንም ስለሚይዝ እንዳለ ይቆያል፤ ውሉ ላይ ግን የሥራው መስመር ተስተካክሎ ተልኳል፤ የአፕል ለቀማና የዛፍ እንክብካቤ ይላል። ከጉብታው እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ጫማዬ አንዱ ጭቃው ውስጥ ቀርቶ እማ ናት ሄዳ ያመጣችልኝ።

አባባ ደረሶቹን ዝም አሰኙ። «መጀመሪያ በነሱ አፍ አንብቢው፣ ከዚያ በኛ» አሉ። አንዲት ቃል የማይገባቸውን እንግሊዝኛ እንደ ኪታብ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ስጨርስ «ማሻአላህ» አሉ፤ ወደ ደረሶቹም ዞረው «እንዲህ ነው መቅራት፤ አትውጡት ቃሉን!» አሏቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ቪዛው ተሰጥቷት በነሐሴ መጨረሻ ዘይነባ በተሳፈረች ጠዋት ደጃፋችን ላይ እስላሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት መዳፉን ዘርግቶ ቆመ። አባባ ለእሷ፣ ለመንገዷ፣ ለአውቶቡሱ ሹፌር ዱዓ አደረጉ። በመጨረሻ «ያችንም ሴትዮ ዛፎቿን በረዶ አይምታባት» አሉ። ሁላችንም «አሚን» አልን።

በኅዳር፣ ገብሱ ሲታጨድ፣ የቪዛዋ ቀን ሳያልቅ ተመለሰች። ከላይ ሰፈር እስከ ታች ሰፈር «ወላሂ ተመለሰች!» እያሉ እንደ ሙሽራ ሊያዩዋት መጡ። እሷ ግን በሳምንቱ ችግኝ ጣቢያዋ ገብታ፣ እዚያ የተማረችውን የቅርንጫፍ አቆራረጥ ለባልደረቦቿ ታሳይ ነበር። በየዓመቱም እንዲሁ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። አሁን ሰፈራችን «ሄደች» ሲል «መቼ ትመጣለች?» ብሎ መጠየቅ ለምዷል።

እኔም ሥራ በዛልኝ። ከወረኢሉም ከኩታበርም ሰዎች ወረቀታቸውን ይዘው እየመጡ «አንብቢልን» ይሉኛል። አንዳንዱ ላይ ደስ የማይል መስመር ይኖራል፤ ፊታቸው ሲጨልም እያየሁም ቢሆን አነበዋለሁ። በዚያ መስመር ላይ ተመሥርቶ የሚወስነው ሰው እኔ አይደለሁማ። ጽሑፍ ማለት አማርጦ ማስዋብ የሚመስለኝ ጊዜ ነበር። አሁን አንዲት ቃል ልተው ስል እጄ ይከብደኛል፤ ክብደቱንም እወደዋለሁ።

ሰሞኑን የዘይነባ የዘንድሮ ውል መጣ። አባባ ዓይናቸው ደክሟል፣ ደረሶቹንም የሚያስቀሩት በቃላቸው ነው። ወረቀቱን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«ላንብብልዎ አባባ?»

«አንቺ አንብበሽዋል?»

«አዎ።»

«እስከ መጨረሻው?»

«እስከ መጨረሻው።»

«እንግዲያ ሰምቻለሁ» አሉና መዳፋቸውን ለዱዓ ዘረጉ።