ጀርባ ያላቸው ወታደሮች

እኔን ብሎ ወታደር አራሚ። ስሜን እንኳ መጻፍ የማልችል፣ በአውራ ጣቴ የምፈርም አሮጊት፣ ኮምፒውተር ፊት ተጎልቼ «የዚህኛው ትከሻ ይነሳ፣ የዚያኛው ሆድ ይግባ» ስል ሰነበትኩ። አርፌ ምስሬን ብለቅም ምን ነበረበት? ማን ግቢበት አለኝ?

ጥፋቱ የሄለን ነው፤ የልጅ ልጄ። ሲኤምሲ አብረን ነው የምንኖረው። እሷ ሳሎኑን ሥራ ቦታ አድርጋ እኔን መኝታ ቤት አባራኛለች። ሥራዋ ጌም መሥራት ነው፤ ያውም የጦር ልምምድ ጌም። አሁን የድሮዎቹን ወታደሮች አስወጥታ በአዲስ እየተካች ነው። የድሮዎቹ ጠፍጣፋ ስዕል ናቸው። በጎን ብትሄዱ፣ በኋላ ብትዞሩ፣ ፊታቸውን ወደ እናንተ አዙረው ድርቅ።

«እነዚህ ጀርባ የላቸውም እንዴ?» አልኳት።

«የላቸውም አኮዬ፤ እኮ ለዚህ ነው የምቀይራቸው» አለችኝ። አኮዬ የምትለኝ አያቴ ማለቷ ነው። ከኦሮምኛው የቀራት እሷ ቃል ብቻ ናት።

አዲሶቹ ትከሻም፣ ዳሌም፣ ማጅራትም አላቸው። አንዱን ጀርባውን አዙራ አቆመችልኝና «ምን ይጎድለዋል?» አለችኝ።

«ሽንቱ የመጣበት ይመስላል» አልኳት። «ሰው በሁለት እግሩ እኩል አይቆምም። አንዱን ያሳርፋል።»

እየሳቀች አስተካከለችው። ቀኝ እግሩ ላይ ጣለችው፣ ግራ ትከሻው ዘንበል አለ። የእኔ ሳቅ እዚያው ደረቀ። የቆመው ቱፋ ነው፤ ወንድሜ።

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ማን ቆጥሮልኝ። ዛሬ ለሚ ኩራ የሚሉት፣ ፎቁ እንደ እንጉዳይ የፈላበት ቦታ፣ የጤፍ ማሳ ነበር። ክረምት ጭቃው እግር ይውጣል፤ ጥር ላይ ደግሞ አገሩ ሁሉ ጭድ ጭድ ይሸታል። ቱፋ አንድ ቅዳሜ ጨው ሊገዛ እንደወጣ በአፈሳ ተወሰደ። እናቴ ጨው የሌለው ወጥ ጥዳ ስትጠብቀው ዋለች። ማሠልጠኛው ሩቅ አልነበረም፤ ከወንዙ ማዶ ያለው ሜዳ ነው። ግን ዘመድ አያስጠጉም። ተኩሱን እንሰማለን፣ ልጁን አናየውም።

ምልምሎቹ የሚተኩሱት ከጣውላ በተቆረጠ ጠፍጣፋ ሰው ላይ ነበር። አንድ መቶ አለቃ መጣና ይሄ አልጥም አለው። ጣውላ ሲመቱ አንበሳ ናቸው፣ ሰው ፊት ግን እጃቸው ይንቀጠቀጣል አለና፣ ጭድ የተጠቀጠቀ፣ ሆድና ጀርባ ያለው ሰው ይሠራልኝ ብሎ አዘዘ። ለስፌቱ የመንደር ሴቶች ተፈለጉ። እናቴ «ወታደር ያለበት ምን አስኬደሽ?» ብትለኝ አልሰማኋትም። እኔ የታየኝ ሥራው አይደለም፣ ቱፋ ነው።

ጆንያ እንሰፋለን፣ ጭድ እንጠቀጥቃለን፣ ከዚያ ልብስ እናለብሰዋለን። ልብሱ የራሳቸው የምልምሎቹ ነው። የጦሩን ሲለብሱ ከቤት ለብሰውት የመጡት ተገፍፎ እዚያ ተከምሯል። ክምሩን ሳገላብጥ የቱፋን ኮት አገኘሁት። ቡናማ ነው፤ ክርኑን እናቴ በአረንጓዴ ጨርቅ ጥፋዋለች። አፍንጫዬ ላይ አደረግኩት፤ የእኛ ቤት ጭስ አለበት።

ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር። ለእኔ ምን መጣልኝ መሰላችሁ? ቀልድ። ቱፋን በልጅነቱ በሬ ረግጦት ግራ ትከሻው የወደቀ ነበር። በግራ በኩል ጭዱን ቀነስኩ፣ ቀኝ እግሩን ጠበቅ አደረግኩ፣ አንገቱን ትንሽ ሰበር አድርጌ ኮቱን አለበስኩት። ቁርጥ ቱፋ። አብረውኝ የሚሰፉት ሴቶች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከሩቅ ሲያየው መምጣቴን ያውቃል፣ ይስቃል፣ አልኩ። የሚተኮስበት መሆኑን ረስቼው እንዳይመስላችሁ። ጭድ ነው ብዬ ነው።

በማግስቱ ሜዳው ላይ ተከሏቸው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው። ጠላት ሁሌ ፊቱን አዙሮ አይጠብቃችሁም ብሎ ነው መቶ አለቃው። እኛ አጥሩ ሥር ቆመን እናያለን። ምልምሎቹ ገና ከመሰለፋቸው አንዱ «ቱፋ፣ አንተ እዚያ ምን ገተረህ?» አለና ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ቱፋም ሳቀ። ዞር ብሎ አጥሩ ሥር አገኘኝ። ጥርሱን አየሁት። ልፋቴ ሁሉ ለዚህች ነበር።

መቶ አለቃው አልሳቀም። ምን እንደሚያስቃቸው ጠይቆ፣ ቱፋን ከሰልፍ አወጣው።

«ኮቱ ያንተ ነው?»

«አዎ፣ ጓድ መቶ አለቃ።»

«ተኛና ምታው።»

ቱፋ ተኛ። «ሌላውን ልምታ፤ ይሄን የሰፋችው እህቴ ናት» ሲል ሰማሁት።

«ኮትህን ካልመታህ ሰው አትመታም። ምታ።»

መታው። ቆይቶ ደገመው። ጭዱ ቡን ብሎ ወጣ፣ ነፋሱ ወደ እኛ አመጣው። ሲነሳ ወደ አጥሩ አላየም። ይሄ ተኳሽ ነው ተብሎ መጀመሪያ በወጣው መኪና ወደ ጦር ግንባር ተጫነ።

የጭድ ሰዎቹን ሊያቃጥሉ ሲሉ ኮቱን ገፍፌ በነጠላዬ ሥር ይዤ ወጣሁ። ቀዳዳውን ጠቅሜ፣ ሲመለስ ልሰጠው ነው። ጎተራ ውስጥ ሸሸግኩት።

አልጠቀምኩትም፣ አልተመለሰም። ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ አንድ ማለዳ ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ደጃችን መጣ። መርዶ ነው። ሬሳ የለ፣ ፎቶ የለ። እናቴ «የልጄን ነገር፣ በእጄ የምይዘው ነገር ስጡኝ» እያለች ስትንፈራፈር አላስችል አለኝና ኮቱን አምጥቼ ጭኗ ላይ ጣልኩት። ሰው ሁሉ መርዶ ነጋሪው ያመጣው መሰለው። ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሳ። እናቴ ጣቷን በቀዳዳዎቹ አስገባች። ገልብጣ ገበሩን አየች። ሴቶቹ ሊቀበሏት እጃቸውን ሲዘረጉ አጣጥፋ ተቀመጠችበት። እስክትሞት ማንም አልነካውም፣ እኔም ያስመታሁት እኔ ነኝ አላልኳትም። በቀልድ ሸፍኜው ኖርኩ። ሰዉ ተጫዋች ናት ይለኛል።

ይሄን ለሄለን ስነግራት እጇን ከኮምፒውተሩ አነሳች። «ላጥፋው አኮዬ? ወይ እንደ ድሮው ጠፍጣፋ ላድርገው?»

«ተይው» አልኳት። መቶ አለቃው ለጭዱ ጀርባ ያሠራለት ልጆቹ ሰው መግደል እንዲለምዱ ነበር። እኔ ደግሞ ጀርባውን ያየ ሰው እጁ እንዲከብደው ነው የምፈልገው። ጀርባው ያው አንድ ዓይነት ነው። የማናችን ሐሳብ እንደሚሆን እንጃ።

ትናንት ደረጃው ላይ ፀሐይ ስንሞቅ ለጎረቤቴ ለዘሀራ አወራሁላት። የወሎ ሰው ናት፤ ነገር ማለስለስ አታውቅም። ከሁሉም የሚቆጨኝ እናቴ ሳታውቅ መሞቷ ነው አልኳት። ቆሎዋን ቆርጥማ ጨረሰችና አየችኝ።

«ጂል ነሽ ጫልቱ» አለችኝ። «ደም ያልነካው የጥይት ቀዳዳ በጣቷ ዳብሳ ነው ያላወቀችው? የተቀመጠችበት እኮ ሰው አይቶ አንቺን እንዳይጠይቅሽ ነው።»