ዝም በይ የተባልኩበት ወንበር

ያን ሰውዬ ዛሬም አልወደውም። አንገቴን ደፍቼ «ጋሼ» ስለምለው የማከብረው ይመስለው ነበር። እፈራው ነበር እንጂ አላከብረውም።

ዓለም ባንክ ሰፈር በተከራየው ቪላ ውስጥ የማማከር ድርጅት ነበረው። ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩት እኔ ወለል እወለውላለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ። ቤታችን ከቪላው ጀርባ ነው። እናቴ ዓይኗን ካመማት ወዲህ ምሳ ሰዓት ሮጬ አብልቻት የምመለስበት ሌላ ሥራ ስለማላገኝ፣ ሰውዬው ያለኝን ሁሉ እውጣለሁ።

አንድ ሰሞን ቢሮው በአንድ ወሬ ታመሰ። የውጭ አገር መንግሥት ለእርዳታ ሥራው አማካሪ ድርጅቶችን መርጦ በማዕቀፍ ውል ሊያስር ነው ተባለ። ነገሩን የገለጠልኝ ሒሳብ ሠራተኛው ነው።

«ኮንዶሚኒየም ያልተመዘገበ እጣ ውስጥ ይገባል?»

«አይገባም።»

«ይኸም እንደዚያው ነው። አንዴ የገባ ለዓመታት ሥራ ይጠራል። ያልገባ ውጭ ቆሞ ያያል።»

ቢሮውን ሊያዩ ሲመጡ ሴት ባለሙያ እንዲኖር ይፈልጋሉ። አንዲትም አልነበረችም። ሰውዬው የሚስቱን ኮት አምጥቶ ወረወረልኝ።

«ልበሺና እዚያ ጠረጴዛ ጋ ተቀመጪ።»

«ጋሼ፣ ቢጠይቁኝስ?»

«ዝም በይ። ሌላ ምን ትችያለሽ ደግሞ!»

«ዶክተር፣ ሻዩን ታዲያ ማን ያምጣልን?» አለው ሰውዬውን ሒሳብ ሠራተኛው፣ እየተንከተከተ።

ፈረንጇ ከኢትዮጵያዊት አስተርጓሚዋ ጋር መጣች። «የሥርዓተ ፆታ ባለሙያችን ናት፤ ዓይን አፋር ናት» አላቸው ሰውዬው። ፈረንጇ ስትጨብጠኝ በረኪና የላጠውን መዳፌን አየት አደረገች። ፎቶ አነሳችኝ።

ድርጅቱ ውሉ ውስጥ ገባ። ኬክ ተቆረሰ፣ ሳህኑን አጠብኩ። አለቀ ብዬ ነበር።

አላለቀም። ውሉ ሲመጣ ጉብኝትም አብሮት መጣ። ፈረንጇ በመጣች ቁጥር ሰውዬው ሰርቪስ ቤት አስገብቶ ይቆልፍብኛል። «አንቺ እኮ ባለሙያ ነሽ፤ ትሪ ይዘሽ እንዳታይሽ» ይለኛል። አንድ ቀን እንግዶቹ ምሳ ሰዓት አልፎም ተቀመጡ። እናቴ ሳትበላ ዋለች። በሩን አንኳኳሁ፤ ሳንኳኳ እንኳ አፍሬ፣ በጣቴ ጫፍ ነበር።

ሲከፍትልኝ ስለ እናቴ ነገርኩት።

«ካልተመቸሽ በሩ ክፍት ነው» አለኝ። ቁልፉ እጁ ላይ ነበር።

በሚቀጥለው ጉብኝት እንግዶቹ ቀድመው ደረሱ፤ ሊቆልፍብኝ አልቻለም። ኩሽና ሆኜ ድምፃቸውን ሰማሁ። ሽርጤን እንደታጠቅኩ ትሪውን አንስቼ ገባሁ። ብርጭቆዎቹ ይንጫጩ ነበር። ፈረንጇ አየችኝና አንድ ነገር አለች።

«ባለሙያዋ አይደለችም እንዴ? እያለች ነው» አለች አስተርጓሚዋ።

አሁን ጉድህ ፈላ አልኩ በልቤ። እርሱ ግን ቅንድቡንም አላነሳ።

«እኛ ጋ አለቃና ሠራተኛ የለም። ሻይ በየተራ ነው የምንቀዳው።»

አስተርጓሚዋ ስትነግራት ፈረንጇ በደስታ አጨበጨበች። ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። በገዛ ዓይኗ ያየችውንም ገልብጦ መመስገኛው አደረገው።

ትሪውን ፊቱ አስቀመጥኩ። ሽርጤን ፈትቼ ያኔ ኮት ለብሼ የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ ሰቀልኩት።

«እንግዲያው ዛሬ የጋሼ ተራ ነው» አልኩ። ድምፄ ቀጭን ነበር፣ ግን ተሰማ።

አስተርጓሚዋ ሳቋን አፍና ተረጎመች። ፈረንጇ ብርጭቆዋን ወደ እርሱ ገፋ አድርጋ ፈገግ ብላ ጠበቀች። ሰውዬው ተነሳ። እንደ ቢላ እያየኝ ማንቆርቆሪያውን አነሳ፤ ሲቀዳ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰው። ሁለተኛውን ብርጭቆ እስኪቀዳ አልቆየሁም። ነጠላዬን ከኩሽና አንስቼ በዋናው በር ወጣሁ።

«ምነው ዛሬ በጊዜ መጣሽ?» አለች እናቴ፣ ኮቴዬን ስትሰማ።

«ሻይ የሚቀዳ ሰው አገኙ» አልኳትና ምሳዋን ማሞቅ ጀመርኩ።