ሳያነብ ፎርማት ያደረገው ሰውዬ

የሱቅ ጎረቤቴ እትዬ ብዙነሽ ዛሬ ከሆስፒታል ወጡ፤ ስኳራቸው ወርዶላቸዋል፣ ልጃቸው ሰናይትም ከአጠገባቸው አልተለየችም። ተመስገን።

እኔ ግን በንዴት ልፈነዳ ነው!

በርበሬ በረንዳ፣ በርበሬ የሚሸጡበት ሱቃቸው ውስጥ ያለው፣ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የተጫነበት ላፕቶፕ በየሰዓቱ ድርግም እያለ ሲያስቸግር፣ አደራ ብለውኝ ሠሪ ጋ ወሰድኩት። ሊጠፋ ሲል ስክሪኑ ላይ የሚጽፈውን እንግሊዝኛ በስልኬ አንስቼ አሳየሁት።

ዞር ብሎም አላየው። «እናቴ፣ ችግሩ ሊኑክሱ ነው፤ ዊንዶውስ ልጫንበት።»

«የሟች ባላቸው ድምፅ አለበት፣ እንዳትነካው!» አልኩት። አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ።

ዛሬ ተቀብዬ ስከፍተው በዊንዶውሱም ድርግም! ጀርባውን በካቻቪት ብፈታው ማራገቢያው በበርበሬ ብናኝ ታፍኗል። ፎቶውን በስልኬ ሳስተረጉመው ደግሞ «ሙቀት በዛ» ነው ለካ የሚለው። በርበሬ የቃመ ማሽን ባይሞቅ ነበር የሚገርመኝ።

ሠሪው ጋ ተመልሼ «ድምፁስ?» አልኩት።

«ሁሉንም አጽድቼልሻለሁ» ብሎኝ እርፍ! ለማንበብ የሰነፈ ሰው የሰው ዕቃ ለምን ይነካል?

እንዲህ ያለ ሠሪ የገጠማችሁ ጻፉልኝ፤ ምን ብላችሁ ለዕቃው ባለቤት እንደነገራችሁም ጭምር። ቶሎ በሉ።

እትዬ ብዙነሽ በሰናይት ተደግፈው አሁን ሱቄ ገቡ። «እስቲ ክፈችልኝ፣ ድምፁ ናፍቆኛል» አሉኝ።